የሠላሳ አንድ ቁጥር ጥርስ

ጥርስ ሠሪውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ እጀ ወርቅ ነው የሚባለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ አቀርቅሮ ፈገግ ይላል። ያወጣው ራሱ ነዋ።

ያን ቀን ጠዋት ታላቅ እህቱ ክንዱን ይዛ፣ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረው አዳራሽ አስገባችው። በቅርቡ ከተገኘው የጅምላ መቃብር የወጡት አጥንቶች በየጠረጴዛው ላይ፣ ቡናማ ወረቀት ተነጥፎላቸው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተኝተዋል። ባሏ ከሥራ ሲወጣ ተወስዶ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ እናት አባትም ወንድምም የለው፤ ደሙን ሰጥቶ "የኔ ነው" የሚልለት ዘመድ ከየት ይምጣ? የቀረው ምልክት ጥርሱ ነው። ጥርሱን ደግሞ የሠራለት እጀ ወርቅ ነው፤ የሠርግ ስጦታ፣ ንጹሕ ወርቅ! ባልየው በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር "አፌን ብረት ብረት ይለኛል" እያለ ያማርር ነበር። እጀ ወርቅም በሰው ፊት "የተበላሸው ምላስህ ነው" እያለ ያሳፍረው ነበር።

"ወርቅ ከሆነ እዚህ አያገኙትም" አለቻቸው አጥንት መርማሪዋ ሐኪም። "ገዳዮቹ ወርቅ ጥርስ አላስተረፉም። ነቅለው ነው የቀበሯቸው።"

እጀ ወርቅ እፎይ አለ። "በይ እትዬ፣ እንሂዳ።"

"ግን አንድ አለ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር" አለች ሐኪሟ። "ሊነቅሉት ጀምረው ትተውታል። በጉጠት ጫር ሲያደርጉት ናስ ሆኖባቸው።"

መንጋጋውን አነሳችው። ጥርሱ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። እጀ ወርቅ የገዛ ሥራውን እንዴት ይሳተው?

"የኔ አይደለም!" አለ። "እኔ ናስ በእጄ ነክቼ አላውቅም።"

በሩ ጋ የተቀመጠው የመዝገብ ሹም ቀና አለ። "ካልሆነማ ግልግል ነው። ሰኞ የሚመረቀው ሐውልት ላይ 'አርባ ያልታወቁ ወገኖች' ተብሎ ተቀርጾ አልቋል። ሚኒስትሩም ንግግራቸውን ያጠኑት በአርባ ነው።"

እህቱ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። እጀ ወርቅ የደንበኛውን ሁሉ አፍ በጄሶ ቀርጾ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። የባሏን "ተሰብሯል" ብሏት ነበር።

"አቧራ ስጠርግልህ አገኘሁት" አለችው።

ጄሶውና መንጋጋው ልክክ አሉ። ሐኪሟ ቅጹን ወደሱ ገፋ አደረገች። "ጄሶ ብቻውን አይበቃም፣ ጌታዬ። የሠራው ሰው መፈረም አለበት፤ ማዕድኑም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ቅጹ ደጅ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።"

ለእጀ ወርቅ ከተማው ሁሉ መስታወት ፊት ቆሞ፣ አፉን በርግዶ፣ ጥርሱን በጥፍሩ ሲፍቅ ታየው።

"እትዬ፣ ጉድ ልታደርጊኝ ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"አንተ ከነስምህ ቤትህ ትገባለህ" አለችው። "እሱስ?"

ብዕሩን አነሳ። "የሠሪው ስም" በሚለው ላይ "እጀ ወርቅ" ብሎ ጻፈና ሰረዘው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ጻፈ። "ማዕድን" የሚለው ላይ ሲደርስ "ናስ" ብሎ ጻፈና ፈረመ።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለ ሹሙ እያቃሰተ። "አሁን ይሄን ድንጋይ ምን ላድርገው?"

እህቱ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላለች።

"ሰማህ የኔ ጌታ?" አለችው ሠላሳ አንድ ቁጥርን። "ምላስህ አልነበረም።"