የበረኪና አሻራ

እናቴን የሥራ ጓደኞቿ «በረኪና» ይሏታል። ስሙን ያገኘችው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ወጣትነቷንም ጉልምስናዋንም የጨረሰችው አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የሆቴል አንሶላ በበረኪና ስታነጣ ነው። ሁለተኛው ምላሷ ነው፤ የነካችው ሰው ቀለሙ ይለቃል። እኔ ከሷ ጋር አንድ ቤት ስለምኖር ቀለሜ ከለቀቀ ቆይቷል።

ታላቅ ወንድሜ ሰው አገር ሄዶ በብየዳ ሥራ ይተዳደራል። በዚህ ዓመት መግቢያ ላይ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቱቦ ፈነዳና ሁለቱንም ዓይኑን ጎዳው። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ቀን ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሁለቱም ዓይኑ ታሽጎ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሳይስቅና ሳያለቅስ መተኛት አለበት። ይህን ሁሉ ደውሎ ሲነግረኝ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው። ሊዘጋ ሲል ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ጨለማው አይደለም የሚያስፈራኝ» አለ። «በጨለማ ውስጥ የማላውቀው እጅ ሲነካኝ ነው። እማዬ ብትመጣልኝ።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ መንጭቃ «መጣሁ» አለችው፣ ከጎረቤት የጠራት ይመስል። ቪዛ የሚባለውን ነገር በስም እንጂ በመልክ አታውቀውም ነበር።

መልኩን ያወቅነው አብረን ነው። ለማመልከት የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘርዝሮ ሲሰጠን ወረቀቱ ከፊትም ከጀርባም ተጽፎበታል። የልጇ ጥሪ፣ የሆስፒታሉ ማረጋገጫ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የመመለሻ ትኬት፣ ተመልሳ እንደምትመጣ የሚያሳይ የሥራ ማስረጃ። ፎቶግራፉ ሁለቱንም ጆሮ ማሳየት አለበት፤ በፎቶው ላይ መሳቅ ክልክል ነው። እማዬ በመሳቁ በኩል እንዳይሰጉ ንገሪያቸው አለችኝ። ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት ጫማዬ አለቀ፤ እሷ ግን አንድም ቀን ደከመኝ ሳትል ሁሉም ተሟልቶ የቀጠሮው ቀን ደረሰ።

የቪዛ ማመልከቻ ማዕከሉ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ተራ የሚጠራ ስክሪን፣ የተደረደሩ ወንበሮች፣ በመስታወት የተከለሉ መስኮቶች። እኛን ያስተናገደን ክራባት ያነቀው አንድ ቀጭን ወጣት ነበር። ወረቀቶቹን አገላብጦ ማንን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ጠየቃት።

«አባቴን» አለች።

ወጣቱ ወረቀቱን እንደገና አየ። እኔ ደግሞ በልቤ አለቀልን አልኩ። እማዬ ወንድሜን ከተወለደ ጀምሮ «አባቴ» እንጂ በሌላ ጠርታው አታውቅም፤ ሲያጠፋም አባቴ ነው፣ ሲታመምም አባቴ ነው። ወጣቱ የአባቷን ዕድሜ ጠየቃት። ሠላሳ አንድ ነው አለችው።

«ወላጅ አባትዎ ናቸው?»

«ወለድኩት እንጂ አልወለደኝም።»

ተረዳና ፈገግታውን ዋጠ። ከዚያ በትሕትና፣ «እናቴ፣ እዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር እንደ ሐሰት ቃል ሊቆጠር ይችላል፤ ልጄ ይበሉ» አላት።

«አንተስ እናቴ እያልከኝ አይደል?» አለችው። «መቼ ነው የወለድኩህ?»

ቀለሙ ለቀቀ። አንገቱን ደፍቶ «ልጅ» ብሎ መዘገበ። እኔም እፎይ አልኩ። ክፉው ነገር ገና መምጣቱ ነበር።

ወደ ትንሿ የመስታወት ማሽን ጠቁሞ አሻራ ይስጡ አላት። እማዬ አራት ጣቶቿን አስቀመጠች። ማሽኗ ቀይ አበራች። ይጥረጉት አላት፤ ጠረገች፣ ቀይ። ጠበቅ ያድርጉት ተባለች፤ ጠበቅ አደረገች፣ ቀይ። ሌላኛው እጇም ያው ነው። ወጣቱ እጇን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። የጣቶቿ ጫፎች እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነበሩ። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አይቼያቸው አላውቅም።

ወጣቱ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቃትና ነገሩ ገባው። ውኃ፣ ሳሙናና በረኪና ሳትነካ ከቆየች ቆዳው ራሱን ሊተካ እንደሚችል ነገራት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የቀረውን የመጨረሻ ቀጠሮም ፈልጎ ሰጣት። ያኔም ካልተነበበ ግን ፋይሉ ይዘጋል አላት፤ ያለ አሻራ ማንም እዚያ አገር አይገባም።

ውጭ ስንወጣ እማዬ ጣቶቿን በፀሐይ እያገላበጠች አየቻቸው። «የሰው እድፍ ሳስለቅቅ የራሴን አሻራ አስለቀቅኩት» አለች። እኔ እንባዬ መጣ። ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ የማያውቀው እጅ ሲነካው ታየኝ። እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ምን ያስለቅስሻል? አሻራ ስጪ አሉኝ እንጂ እጅ ስጪ አላሉኝም።»

በማግስቱ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ አብረን ሄድን። ባለቤትየዋ ለእማዬ ጉዳይ አዘነች፤ ግን አንሶላው ሐዘን አያውቅም፣ በቦታዋ ሰው ካልገባ ሌላ ሠራተኛ በቋሚነት ትቀጥራለች። የሥራ ማስረጃውም አብሮ ዋጋ ሊያጣ ነው። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ እሸጣለሁ፤ ጠዋቴ ባዶ ነው። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት «እሺ» የሚል ቃል ወጣ።

እንዲህ ሆኖ እኔ በረኪና ውስጥ ገባሁ። ማሽኖች አሉ፤ ነገር ግን የወይን፣ የዘይትና የከንፈር ቀለም ነጠብጣብ ያለበት አንሶላ መጀመሪያ በእጅ መታሸት አለበት። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፣ ሙቁ ውኃ ጥፍር ሥር ይገባል። ሠራተኞቹ «ትንሿ በረኪና» አሉኝ። በሳምንቱ ጣቴ ተሰነጣጠቀና መደብሩ ውስጥ ወረቀት ስቆጥር ያቃጥለኝ ጀመር። እናቴ በዚህ እጅ ነው ለካ ሁለታችንን ያሳደገችን። ይህን ሳስብ አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አዲስ መንግሥት አቋቋምኩ። እማዬ ጠዋት ማታ እጇን በቫዝሊን ትቀባለች፣ የጨርቅ ጓንት ታጠልቃለች፣ ዕቃ አትነካም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስትቀመጥ የሰው ሕፃን አደራ የተሰጣት ትመስል ነበር። በአገጯ እያመለከተች ታዘኛለች። ያ ድስት አልጠራም፣ ያ መጋረጃ ተጎትቷል፣ መጥረጊያውን እንደዚያ ነው የሚያዘው ወይ። ምላሷ ዕረፍት ስላልታዘዘለት የእጇንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ገባ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ገንዳ ውስጥ ቆማ፣ ብርድ ልብስ በእግሯ ትረግጣለች። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት እንዳልል በእግሯ ነው። ጓንት ያጠለቁ እጆቿን እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ ዘርግታለች። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ ጮህኩባት።

«የእግር አሻራ አልተጠየቅኩም» አለችኝ።

በቁጣ ልፈነዳ ደርሼ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድንገት አቆመችና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ የወንድሜ ዓይን እንደሚታያት፣ እግሯን ስታንቀሳቅስ ግን ትንሽ እንደሚቀላት ነገረችኝ። ብርድ ልብሱን አብረን ረገጥን።

ከመደብሩ የማኅተም ቀለም አመጣሁ። ማታ ማታ ጣቶቿን በየተራ ቀለሙ ላይ አስነክቼ ወረቀት ላይ አሳርፋቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ ዝንብ የተጨፈለቀበት ይመስላል። እየቆየ ሲሄድ በጠቋሚ ጣቷ ጠርዝ በኩል ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ። ከዚያ በመሐል ጣቷ። እማዬ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች። «ልጅ ሳለሁ ነበር የማውቃት።»

ቀጠሮው ደረሰና ያው አዳራሽ ተመለስን። ዕድል ሆኖ ያው ወጣት መስኮቱ ላይ ነበር። እማዬ ጓንቷን እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብላ አወለቀችና የግራ እጇን አስቀመጠች። አረንጓዴ። የቀኝ አራቱ ጣቶቿም አረንጓዴ። የቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ግን ማሽኗ ቀይ አበራች። ያ ጣት ነጠብጣብ የሚታሽበት ጣት ነው፤ ወረቀት ላይም ከሁሉም የዘገየው እሱ ነበር። ደጋገመች፣ ቀይ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አለቃው የሚመስል ሰው ከውስጥ በር ብቅ ብሎ ለወጣቱ በእጁ ይበቃል የሚል ምልክት ሰጠው።

ወጣቱ «እናቴ፣ በጣም አዝናለሁ» ማለት ሲጀምር እማዬ አላስጨረሰችውም። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ስማኝ፣ ልጄ። ከዚህ ወንበር የምነሳው ይሄ ማሽን ሲያውቀኝ ነው። ልጄ ዓይኑ ሲሸፈን የጠየቀው እጄን ነው። የሌላ ሰው እጅ ተውሼ አልሄድለትም።»

ወጣቱ ወደ አለቃው ዞሮ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ አውራ ጣቷን ግንባሯ ላይ እንድታሽ ነገራት፤ የፊት ወዝ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። እማዬ ግንባሯን አሸች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ፣ እልኸኛ እድፍ እንደምታስለቅቅ፣ ዓይኗን ሳታነሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ማሽኗ ትንሽ አሰበች።

አረንጓዴ። ከኋላችን ሲያጉረመርሙ ከነበሩት አንዷ እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ቪዛው ወጣ። እኔ ግን ጓንቱን አላስወለቅኳትም፤ እዚያ አገር የመግቢያ በሩ ላይም ሌላ ማሽን እንዳለ አንብቤ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ምግብ በጓንት በላች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሐኪም መስላው የጉልበት ሕመሙን ሲያማክራት አመሸ። እሷም ቫዝሊን አዘዘችለት። የመግቢያው መኮንን ጓንቱን አስወልቆ ጣቷን አስነካት፣ ማሽኑም ያለ አንዳች ክርክር አሳለፋት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እንደደረሰች ደውላ ነው።

በማግስቱ ከሆስፒታሉ ስትደውል ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሰላም ነው፣ ሐኪሞቹም ደስ ብሏቸዋል አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። የእናቴ ምላስ እንዲህ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ወንድሜ ፊቱ ግማሽ በፋሻ ታሽጎ ተኝቶ አገኘችው። ልትጠራው አስባ ቃል አልወጣት አለ፤ እንባዋን እየዋጠች እጇን እጁ ውስጥ አስቀመጠች። እሱም ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጫፋቸው ላይ ቆየ። ከዚያ በዚያ አገር ቋንቋ፣ በትሕትና፣ ነርሷ መስላው አመሰገናት።

«አላወቀኝም» አለች እማዬ። «ማሽኑ አወቀኝ፣ አባቴ አላወቀኝም።»

ያን ሁሉ ጊዜ በቫዝሊን ያለሰለስኩት የማንን እጅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ከዚያስ?»

«አባቴ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ማልቀስ ክልክል ነው ስለተባለ አላለቀሰም። ‹እማዬ፣ እጅሽን የት ጣልሽው?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አልለቀቀውም፤ ስልኩን የያዝኩት በግራዬ ነው።»

አሁን ከጎኗ እንደተኛ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ነገረችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ነገሩ እንዳላለቀላት ከአተነፋፈሷ አወቅሁ።

«ፋሻው እስኪፈታ ገና ጊዜ አለ» አለች። «የሱንም ልብስ አጥባለሁ፣ የክፍሉን አንሶላ ሁሉ ቢሰጡኝ አጥባለሁ። በእጄ እንዲያውቀኝ ነው የምፈልገው።»

ኋላ አሻራ ቢጠይቁሽስ አልኳት።

«ወደ ቤቴ ለመግባት አሻራ የሚጠይቀኝ ማነው? አንቺ ነሽ?» አለችኝ፤ በረኪና ተመልሳ መጣች። «ይልቅ አንቺ የተማርሽ ነሽ። በረኪና በነሱ ቋንቋ ምን ይባላል?»