ደብሪቱ ታላቅ እህቷን የተጫወተች ለት

፩

«ይቺ ሴትዮ ሰው አይደለችም!» አለች ህብስት፤ የተውኔቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ።

አሥራ አራቱ ሠልጣኞች ወደ ደራሲዋ ዞሩ። ተውኔቱን የጻፈችው ደብሪቱ እዚያው ሁለተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለች፤ እያወቀች።

«ታላቅየዋ። ምኗን ልጫወተው እትዬ ደብሪቱ? ስትገባም ክፉ፣ ስትወጣም ክፉ። መሃል ላይ እንኳ አንዴ አታስነጥስም።»

ሁሉም ሳቀ። ደብሪቱ አልሳቀችም።

፪

ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት እኔ አይደለሁም። ደብሪቱ ራሷ ናት እንዲህ የነገረችኝ፤ ትንሽ ታወራና ታቆማለች፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ ትቀጥላለች። መሃሉን ልሞላላት ሞክሬ ነበር። አላማረልኝም። እንዳለ ተውኩት።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ የሰው ፋይል ታወጣለች፣ ትመልሳለች። ቴአትር ሠርታ አታውቅም። ሐምሌ ላይ አንድ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ አየች፦ «ለተማሪና ለሰፈር የቴአትር ክበባት የአንድ ሳምንት የተግባር ሥልጠና። ደብተር ብቻ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ እጅና እግርም ያስፈልጋል።» ፈገግ አለች። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ገብታ ተመዘገበች፤ መሳቢያዋ ውስጥ ማንም ያላነበበው አርባ ሁለት ገጽ ተውኔት ነበራት።

ስሙ «ሁለት ሰዓት» ነው፤ ለሥልጠናው መዝጊያ የተመረጠውም እሱ ነው።

፫

አሠልጣኙ ጋሽ ወንድይራድ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ የለጠፉት፦

ሰኞ፦ ድምፅና ትንፋሽ።
ማክሰኞ፦ እጅ፣ እግር፣ ጀርባ። ማውራት ክልክል ነው።
ረቡዕ፦ የማንወደውን ሰው መጫወት።
ሐሙስ፦ ልብስና ዕቃ። መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ።
ዓርብ፦ መቁረጥ።*
ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፦ ሕዝብ።

* ጨርቅ አይደለም የሚቆረጠው። ቃል ነው። ደብሪቱ ይህን ብታውቅ ኖሮ ሰኞውኑ ትቀር ነበር።

፬

የሆነው ይህ ነው።

ደብሪቱና ታንጉት እህትማማቾች ናቸው፤ ታንጉት በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናታቸው ደብረ ታቦር፣ ታንጉት ቤት አረፉ። ደብሪቱ ያኔ ባሕር ዳር ነበረች። መርዶው ሲደርሳት አውቶቡስ ላይ ዘለለች። አውቶቡሱ ወረታ ላይ ተበላሸ። ስልክ አልሠራ አለ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ተፈጸመ። እሷ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰች፤ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ ተበትኖ።

ሁለት ሰዓት።

«ሁለት ሰዓት መጠበቅ አቃተሽ?» አለቻት እህቷን፣ ቤት በቀሩት ለቀስተኞች ፊት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ደብሪቱ ተዛውራ ወደ ደብረ ታቦር ከመጣች እንኳ አራት ዓመቷ ነው፤ ገበያ ላይ ሲተላለፉ አንዷ ሽንኩርት ታያለች፣ አንዷ ሰማይ።

ተውኔቱን የጻፈችው ለዚህ ነበር። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ መድረክ ላይ፣ ትክክል የነበረችው እሷ መሆኗ እንዲታወቅላት።

፭

ረቡዕ። የማንወደውን ሰው መጫወት።

ጋሽ ወንድይራድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ የሠሩ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን አገላበጡና፣

«ህብስት፣ አንቺ ታናሿን ያዢ» አሉ። «ታላቋን ደራሲዋ ትጫወታታለች።»

«እኔ?» አለች ደብሪቱ። «እኔ ጽፌ ልሰጥ እንጂ ልጫወት አልመጣሁም።»

«እጅና እግር ይዘሽ መጥተሻል አይደል? ተነሽ።»

፮

ህብስት ዩኒቨርሲቲ ያለች የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ሁሉን ነገር በስልኳ ትቀዳለች። የዚያን ዕለቱን ልምምድ ሰጥታኝ ነው የምገለብጠው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይህ አግዳሚ ወንበር የእናትሽ ሣጥን ነው። እህትሽ መንገድ ላይ ናት። ሥራሽ አንድ ነው፤ እስክትመጣ ቀብሩን ማቆየት። እናንተ ለቀስተኞች ናችሁ። እንዳትቆጧት! በደግነት ለምኗት።

የእድሩ ዳኛ፦ እመቤቴ፣ ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።

ደብሪቱ፦ ትንሽ ብቻ ጠብቁኝ። መንገድ ላይ ናት።

ቄሱ፦ ልጄ፣ ሌላ ቤትም ፍትሐት አለብን።

ደብሪቱ፦ ደርሳለች እኮ አባ። አሁን ትመጣለች።

ጎረቤቷ፦ ደውለሽላታል?

ደብሪቱ፦ አይገባም። ደጋግሜ... አይገባም።

ጎረቤቷ፦ ከሩቅ የመጣው ሰው መመለሻ ያጣል፣ እህቴ።

የእድሩ ዳኛ፦ እናትሽን አናጉላላት።

ቄሱ፦ ልጄ?

ደብሪቱ፦ (ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል)

ጋሽ ወንድይራድ፦ ስንት ደቂቃ ሆነ?

ህብስት፦ ሰባት።

ደብሪቱ፦ አንሷት።

፯

አንሷት።

፰

ውጪ ቧንቧ አለ። ደብሪቱ እዚያ ፊቷን ስትታጠብ ጋሽ ወንድይራድ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ሰባት ደቂቃ ያዝሽ» አሉ። «ጎበዝ ነሽ። ብዙ ሰው አራትም አይደርስም።»

«ውሸት ነው እኮ። ወንበር ነው። የእድሩ ዳኛ የጂኦግራፊ ተማሪ ነው» አለች፤ ፊቷን ሳታነሳ። «ግን ልይዛቸው አልቻልኩም። ሁሉም ደጎች ነበሩ። ቢቆጡኝ እስከ ማታ እይዝ ነበር።»

«እሷስ ስንት ሰዓት ያዘች?»

«ማን?»

«እህትሽ።»

«እህቴ ናት ያልኩዎት መቼ ነው?»

«ኧረ አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው ያልሽኝ!»

ደብሪቱ ሳቀች። ወዲያውም ሳቋ ተቋረጠ። ታንጉት ምን ያህል እንደያዘች አታውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቃ አታውቅም።

፱

መቁረጥ።

አርባ ሁለት ገጽ ነበር። ሐሙስ ማታ ሃያ ስድስት ሆነ። ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ አሥራ ሰባት። ታናሿ ታላቋን የምትረግምበት ሁለት ሙሉ ገጽ ነበር፤ ደብሪቱ ለዚያ ብቻ አንድ ክረምት ደክማለች። ጋሽ ወንድይራድ ቀይ እስክሪብቶውን ዘረጉላት።

«እኔ አልነካውም። ያንቺ ነው።»

ቁጭ አለች። አየችው። ከአራት መስመር በስተቀር ሁሉንም ሰረዘች።

መቁረጥ።

ታላቋ ግን አደገች። ድሮ ሠላሳኛው ገጽ በነበረበት ቦታ አዲስ ትዕይንት ገባ፤ ሴትየዋ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አልነሳም ብላ፣ በሩን እያየች። ህብስት ስታነበው፣ «አሁን ሰው ሆነች» አለች። «ውይ! እኔን ለውጡኝና እሷን ልጫወት።»

«አይሆንም» አለች ደብሪቱ። «የኔ ናት።»

፲

እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የጥሪ ካርድ ተሰጠው። ለአንድ ሰው፤ በእጅ የሚሰጥ።

ታንጉት ገበያው መግቢያ ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመች። ታንጉት አንገቷን ደፍታ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናው ይንጫጫል። ገባችና ካርዱን ጨርቁ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

መኪናው ቆመ።

ታንጉት ቀና አላለችም። ደብሪቱም አልጠበቀችም። መንገዱን ስትሻገር ጆሮዋን ወደ ኋላ አቁማ ሄደች፤ መኪናው እንደገና ሲነሳ አልሰማችም።

፲፩

ስለ አዳራሹ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ኮርኒስ የለውም። ከሰዉ ራስ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው።

፲፪

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። ሕዝብ።

ሁለት መቶ ወንበር ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ሰው ነበር። ደብሪቱ በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጠርዝ ላይ፣ ታንጉት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ።

ተጀመረ። አምስት ደቂቃ በሰላም ሄደ።

ከዚያ በረዶ።

መጀመሪያ ጠጠር የወረወረ ሰው ያለ መሰለ። ቀጥሎ አንድ ጭነት አሸዋ ጣሪያው ላይ የተገለበጠ ያህል ወረደ። የእድሩን ዳኛ የሚጫወተው ልጅ ጮኸ፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፣ ድምፁ የለም። ጎረቤቷ የባሰ ጮኸች። ከኋላ ሰዎች እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «አይሰማም!» የሚሉ ይመስላሉ፤ እነሱም አልተሰሙም። አንድ ሁለት ሰው ሊወጣ ተነሳ።

ደብሪቱ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ክረምት ከክረምት የጻፈችው፣ ሁለት ቀን የቆረጠችው፣ የቀራት አሥራ ሰባት ገጽ፣ አንዱም ቃል ሁለተኛው ረድፍ አይደርስም። ወደ ጎን ዞራ ጋሽ ወንድይራድን አየቻቸው። መጋረጃውን ይዝጉት ወይ አይዝጉት፣ ገመዱን ይዘው እሷን ይጠብቃሉ። ፊታቸው «አንቺ ወስኚ» ይላል።

በእጇ፣ ተዉት አለቻቸው።

ከዚያ አፏን ዘጋች።

፲፫

ሌሎቹ አዩዋት። አንድ በአንድ አፋቸውን ዘጉ።

ዳኛው ቀረበና ፀሐይዋን አሳያት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱላት። እጃቸውን ያዘች፣ ወደ በሩ ጠቆመች፤ ትመጣለች። ጎረቤቷ ከትከሻዋ የወረደውን ነጠላ አለበሰቻት። ደግ ነበሩ። ሁሉም ደግ ነበሩ። ደብሪቱ በሁለት እጇ ሣጥኑን ከሥሩ ያዘች፤ አጥብቃ መያዟን ከግድግዳው ሥር የቆሙት እንኳ አዩት። ሊወጡ የተነሱት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

አንድ ጊዜ በሩን አየች። ሁለተኛ አየች።

ሦስተኛ አላየችም። እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሳች፤ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት። ተነሳች። ገለል አለች።

ስድስት ልጆች ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸከሙ። ባዶ እንጨት ነው፤ ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ሚስማር የመቱበት። በአዳራሹ መሃል፣ በሰዉ መካከል እንዲያልፍ ነበር የተለማመዱት። የፊተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሣጥኑ ሲደርስባቸው ቁጭ ብለው ማየት አልሆነላቸውም። ተነሱ። ጎናቸው ያለው ሰውዬም ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። ቀጥሎ ያለው ረድፍ ተነሳ። ከዚያ የሚቀጥለው።

ሁለት መቶ ሰው ቆመ።

ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቃል አልሰሙም። ደብሪቱ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማ ያንን አየች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ቁመቷ የረዘመ ቀን የለም።

፲፬

ከዚያ ታናሿ፣ ህብስት፣ ሮጣ ገባች። ሣጥኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ያቺን አራት መስመር እርግማን አልተናገረቻትም። ወለሉን ብቻ ዳበሰች።

ደብሪቱ አጠገቧ ተንበረከከች። አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አንድ ነገር ተናገረች። ወረቀቱ ላይ የለም፤ እዚያው የመጣላት ነው። በረዶው አዳራሹን ሞልቶታል፤ የሰማችው ህብስት ብቻ ናት። ኋላ ስጠይቃት፣ «እሱን ራሷን ይጠይቁ» ብላ አለፈችኝ።

ጋሽ ወንድይራድ ገመዱን ለቀቁት።

ጭብጨባው የጀመረው በረዶው ሳያቆም ነው። እልልታው፣ ፉጨቱ፣ እግር ወለል ሲመታ። መሃል ላይ የሆነ ሰዓት ላይ በረዶው አቆመ፤ ልብ ያለው ሰው የለም። ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጠው አሁን ከውስጥ ነበር። ሦስት ጊዜ መጋረጃ ተከፈተ። ጂኦግራፊ ተማሪው ደብሪቱን ወገቧን ይዞ አነሳት፤ «አውርደኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ!» እያለች፣ እየሳቀች።

፲፭

በር ላይ ከተሰበሰበው የአስተያየት ወረቀት ጥቂቱ።

ጥያቄ፦ ምን ተሰማዎት?

— ምንም አልተሰማኝም፤ በረዶ ነበር። ነገር ግን አልቅሻለሁ።

— ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት እቤቴ ገብቼ ነው።

— ሴትዮዋ ከየት መጣች? ከአዲስ አበባ ናት?

— ወንድሜ ጋ ልደውል ነው።

— ነገ ይደገም። ዝናብ ከሌለ ይቅር።

፲፮

ሰዉ ወጥቶ አልቆ፣ ደብሪቱ ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዋን ስትፈልግ አንድ ሰው ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

ታንጉት ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

ዘጠኝ ዓመት። ሁለቱም እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው።

«ሦስት ሰዓት ነው» አለች ታንጉት።

«ምኑ?»

«የያዝኳቸው። ከአምስት እስከ ስምንት። ቄሱ ራሳቸው አለቀሱ፣ ተይ እያሉ።» እጆቿን አየች። «እንዴት አወቅሽው? እጄን... ሣጥኑን እንዲያ እንደያዝኩ ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አለች ደብሪቱ። «ተጫወትኩሽ።»

ታንጉት አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ሁሉም ገብቶኛል። አንዷ ብቻ አመለጠችኝ፤ የመጨረሻዋ። ልጅቷ ጆሮ ውስጥ ያልሻት። ያ በረዶ ወሰደብኝ።» ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች። «ምን ነበር ያልሻት?»

ደብሪቱ ጫማዋን አስቀመጠችና ወደ እህቷ ጆሮ ተጠጋች። የነገረቻትን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

፲፯

«



»