ቢጫ ሻርፕ የያዘው ጠረጴዛ

እኛ ግቢ ውስጥ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይነካም። አለቀ። ደብተር ይሁን የእስኪሪብቶ ክዳን፣ ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ሄዶ ይሁን ጠፍቶ ይቅር፣ «ተይዟል» ከተባለ ተይዟል። አንድ የፈተና ሰሞን ላይብረሪ ውስጥ አንድ ካልሲ ምርጡን ወንበር ይዞ ሰነበተ። ጥንድ እንኳ አይደለም፣ የአንድ እግር ካልሲ! እኛ ግድግዳ ተደግፈን እያነበብን እሱ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ኋላ ስንሰማ ለካ ባለቤቱ እዚያ መጣሉንም አያውቅም፣ አልጋው ሥር ሲፈልገው ነው የከረመው። ሳቁብን እንግዲህ። ግን ያነሳው የለም። ቢያነሳ ኖሮ ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚያጠና ሰው አያገኝም ነበር። ይሄ የትም አልተጻፈም። ሲኒየሮች ለፍሬሾች ይነግራሉ፣ ፍሬሾቹም በተራቸው ሲኒየር ሲሆኑ ይነግራሉ።

ይህን የማስቀድመው ያለሱ የሹፌሯ ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

ሹፌሯ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። የተዋወቅን ዕለት በሩን በዊልቸሯ ገፋ አድርጋ ገባችና «ሹፌሯ እኔ ነኝ፣ መንገድ ልቀቁ» አለች። እኔን ደግሞ ቶሎ ስለምቀጣጠል ክብሪት አለችኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ሁለታችንም ሥነ ሕንፃ ነው የምንማረው። ሕንፃ መንደፍ ማለት ነው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም። «እኔ በምሠራው ቤት ከመሬት ከፍ የሚለው አምፖል የሚቀይር ሰው ብቻ ነው» ትላለች።

እና የምንስልበት ክፍል፣ የሥነ ሕንፃ ስቱዲዮው፣ የት ነው ያለው? አራተኛ ፎቅ!

መጀመሪያ ሊፍት ነበረ። በገባን ሳምንት አብረን ወጣንና መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ስታየው ፊቷ በራ። ብርሃኑ በግራ በኩል ነው የሚገባው፣ በቀኝ እጁ ለሚስል ሰው እንደሱ ያለ ቦታ የለም። አንገቷ ላይ የነበረውን ቢጫ ሻርፕ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና «ያዝኩ!» አለች። በነጋታው ሊፍቱ ቆመ። በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። መለዋወጫ ታዟል ተባለ። ወረቀቱ ከመሰንበቱ ብዛት ጥጉ ተጨማዶ ወደቀ፣ ሌላ ለጠፉበት። ወረቀት ለመለወጥ ጊዜ አላጡም።

የክፍላችን ልጆች ከነዊልቸሯ ተሸክመው ያወጧት ጀመር። ቅን ልጆች ናቸው፣ ምን ይወጣላቸዋል። ግን መሃል ላይ ይጨቃጨቃሉ። «ወደ ግራ!» «ያንተ ግራ ነው የኔ?» እሷ መሃላቸው ላይ ሆና እንደ ዕቃ ትወዛወዛለች። አንድ ቀን የአንዱ እግር ሸርተት አለና ዊልቸሩ ዘመም አለ። ግድግዳው ባያስቀራት ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር። ዊልቸሯ መሬት ሲነካ «አመሰግናለሁ፣ ከእንግዲህ በቃኝ። እኔ ሶፋ አይደለሁም» አለቻቸው። ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዶርም ስንገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለቅስ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ዶርም ሆና ጉልበቷ ላይ ጣውላ አስቀምጣ ነው የምትስለው። ሥራዋን እኔ አወጣለሁ፣ እርማቱን እኔ አወርዳለሁ። በመሃሉ ሌላ ክፍል ፈረሰና ተማሪዎቹ እኛ ላይ ተጨመሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሁለት ሆነን ክርን ለክርን እየተጋጨን መሥራት ጀመርን። መስኮቱ ሥር ያለውን ግን ማንም አልነካውም። ሻርፑ አለበታ።

ከዚያ ለዲኑ ደብዳቤ ጻፈች፣ አስጠራት። አብሬያት ሄድኩ። የዲኑ ቢሮ ምድር ላይ ነው፣ እንዴት ብሎ አራተኛ ፎቅ ይሆናል!

ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ ውሸት አልናገርም። ቁጭ በይ ብሏት ቁጭ ማለቷን አይቶ አፈረ። «ልጄ፣ ከልቤ አዝኛለሁ» አለ። «ግን ስቱዲዮ ያልተገኘ ተማሪ የዓመቱን ፕሮጀክት ማቅረብ አይችልም። ፕሮጀክት ከሌለ ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ መውጣት ነው። ለምን ጂኦግራፊ አትገቢም? ክፍሎቹ በሙሉ ምድር ላይ ናቸው።»

«ዶክተር፣ ጂኦግራፊ የት እንዳለ አልጠየቅኩም» አለች ሹፌሯ ረጋ ብላ። «ሊፍቱ እስኪሠራ ስቱዲዮው ወደ ታችኛው አዳራሽ ይውረድልን ነው ያልኩት። አዳራሹ ባዶ ነው።»

«የመምህራን ስብሰባ ይደረግበታል።»

«በወር አንዴ!» አልኩ እኔ። ማን ተናገሪ እንዳለኝ እንጃ።

«በወር አንዴም ቢሆን ተይዟል» አለ ዲኑ። «እስከ ሰኞ አስቢበትና የዝውውር ማመልከቻሽን ይዘሽ ነይ።»

ስንወጣ ደሜ ፈልቷል። «ተይዟል ይላል እንዴ? በምን ተያዘ? አንድ ካልሲ እንኳ የለበትም!» ብዬ ኮሪደሩን በጩኸት ሞላሁት። ሹፌሯ ዊልቸሯን ቀጥ አድርጋ አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

«ሰኞ ስብሰባ አላቸው» አለች።

የክፍላችንን ልጆች ሰበሰብናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰኞ ጠዋት መምህራኑ ሳይመጡ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ወንበር ሁሉ እንይዛለን። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም፣ በር መዝጋት የለም። እንደ ላይብረሪው ዕቃችንን አስቀምጠን ሥራችንን መሥራት ብቻ። ግማሹ አጨበጨበ። ቸካዩ ግን ተነሳ። ቸካዩ የክፍላችን አንደኛ ነው፣ ከመጽሐፍ ቀና ሲል ያየው የለም። «ውጤታችንን ቢበሉብንስ?» አለ። እኔ ልቀጣጠል ስል ሹፌሯ እጄን ያዘችኝ።

«እውነቱን ነው፣ ሊበሉባችሁ ይችላሉ» አለች። «የፈራ ይቅር፣ አልቀየመውም። እኔ ግን ሰኞ እዚያ ነኝ። ጂኦግራፊ የምገባው ጎትተው ካስገቡኝ ብቻ ነው።»

ሰኞ ጠዋት እኛ ስንደርስ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ቀድሞን ነበር። ቸካዩ! ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ በካርቶንና በሙጫ ሲለፋበት የከረመውን ሞዴል፣ እኛን በአጠገቡ እንዳናስነጥስ የሚከለክለንን ያንን ሞዴል፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እያንዳንዱ ወንበር ላይ የሆነ ነገር ዋለበት። ማስመሪያ፣ ቦርሳ፣ የተጠቀለለ ንድፍ፣ የአንዷ ጃንጥላ። ባለካልሲው ልጅም ካልሲውን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ከምሬ ነው። በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ፣ ሊቀመንበሩ በሚቀመጥበት በኩል ያለውን ወንበር ግን አውጥተን ቦታውን ባዶ ተውነው። ሹፌሯ እዚያ ገብታ ወረቀቷን ዘረጋችና መሳል ጀመረች።

መምህራኑ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸው ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ። አንድ በቅርቡ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት መምህር «ምንድነው ይሄ?» አለና አንዱን ደብተር ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካ!» አሉ ፕሮፌሰሩ ከኋላ። ከመምህራኑ ሁሉ አንጋፋው ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወጣቱ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ተይዟል እኮ፣ ሰውዬ! አታይም?»

ወጣቱ ምን ይወቅ፣ የግቢው ልጅ አይደለም። ሌሎቹ ግን ሁሉም እዚሁ ነው የተማሩት። ዲኑም ጭምር። ፊቱ ተለዋወጠ። «ዕቃችሁን አንሱ!» አለ።

ወይ ፍንክች። ማንም ቀና አላለም፣ እርሳስ ብቻ ነው የሚሰማው። 

«እንግዲያው እኔ አነሳለሁ» አለና ወደ ቸካዩ ሞዴል ሄደ። እጁን ዘረጋ። ቸካዩ ላብ በላብ ሆነ። የዲኑ እጅ አየር ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ኪሱ ገባ። አላስቻለውም። ይኸው ነው፣ የግቢ ልጅ ነዋ!

«መልካም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እናንተ አዳራሻችንን ከያዛችሁ እኛም ስቱዲዮአችሁ ውስጥ እንሰበሰባለን። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ደረጃው በዚያ በኩል ነው፣ ዶክተር» አለች ሹፌሯ በትህትና። «ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም።»

የስቱዲዮው ቁልፍ እኔ ጋ ስለነበር ተከትያቸው ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ንግግራቸው ቀነሰ። ሦስተኛው ላይ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉና «እኔን እዚሁ ተዉኝ» አሉ። ወጣቱ መምህር የመጀመሪያውን ጥፋቱን ሊክስ ነው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ «ተሸክሜ ላውጣዎት?» አላቸው።

«ምን? ሰው ነኝ እኮ፣ ቁም ሳጥን አይደለሁም!»

ዲኑ ዞር ብሎ አያቸው። እኔም ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ይህንን ንግግር እዚሁ ደረጃ ላይ ሰምቼው አውቃለሁ። «እሷም እንደዚያ ነው ያለችው» አልኩ። ዲኑ ተመልሶ ወረደና የፕሮፌሰሩን ክንድ ያዘ።

ስቱዲዮው ውስጥ መምህራኑ ያገኙት ወንበር ላይ ወደቁ። ዲኑ ፕሮፌሰሩን ደግፎ ሲያስገባ መጨረሻ ደረሰ። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል፣ መስኮቱ ሥር። ግንባሩን እየጠረገ ሄዶ ወንበሩን ሳብ አደረገና ሊቀመጥ ሲል ጠረጴዛውን አየ።

ሻርፑ እንደተጣለ ነው። ቢጫነቱ ከአቧራው ሥር በጭላንጭል ነው የሚታየው።

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የሹፌሯ... የዚያች ታች ያለችው ልጅ ነው።»

«መቼ ነው ያስቀመጠችው?»

«ሊፍቱ ሊቆም አንድ ቀን ሲቀረው።»

ዙሪያውን አየ። በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ወንበር ተጠጋግቷል። «እንዲህ ተጨናንቃችሁ... ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም?»

«ዶክተር፣ ተይዟል እኮ» አልኩት።

ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ስብሰባውን ቆሞ መራ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ እኔን አስወጥተውኛል፤ ግን ቶሎ ጨረሱ።

ሲወርድ በቀጥታ አዳራሹ ገባ። ሁላችንም እርሳሳችንን ይዘን ደርቀን ቀረን። ሹፌሯ አጠገብ ሄዶ ቆመና ንድፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ሊፍቱ እስኪሠራ ድረስ ስቱዲዮው እዚህ ነው» አለ። «ፕሮጀክትሽንም እዚሁ ታቀርቢያለሽ። ያንን ማመልከቻ ቅደጂው።»

«አልጻፍኩትም» አለች።

ዲኑ ሳቀ። እንደሚስቅ አላውቅም ነበር። እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፣ ቸካዩ ግን «ሞዴሌን! ሞዴሌን ተጠንቀቁ!» እያለ ላዩ ላይ ተደፋበት።

ያ ስንት ጊዜ ታዟል የተባለ መለዋወጫም የፕሮፌሰሩ ጉልበት ሲታመም ጊዜ ካለበት ተገኘ። አይ የሰው ነገር! ሊፍቱ የተሠራ ቀን ሹፌሯ ንድፎቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ገባች፣ እኛ ማን ቀድሞ ይደርሳል ብለን በደረጃ ሮጥን። ቀድማን ደርሳ በሩ ላይ ጠበቀችን።

መስኮቱ ሥር ተጠጋች። ብርሃኑ በግራ በኩል ይገባል፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ሻርፑን አንስታ ስታራግፈው አቧራው ሁላችንንም አስነጠሰን። የነበረበት ቦታ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ከነሽታው አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። እኔ እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቅ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

«ክብሪት ደግሞ ውኃ ነካት» አለችና እርሳሷን አወጣች። ወዲያው ከሌላው ክፍል የተጨመረ አንድ ልጅ በሩ ላይ ብቅ አለና፣ እሷን ከኋላዬ ሆና ስላላያት፣ «ያ የመስኮቱ ቦታ አሁንም ተይዟል?» ብሎ ጮኾ ጠየቀ።

እኔ ከልማድ «አዎ፣ ተይ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አልተያዘም» አለች ሹፌሯ። «ባለቤቱ መጥታለች።»