የትልቁ መጋዝ ቁልፍ

በሕይወቴ የሰው ንብረት አበላሽቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን የሼዳችንን ትልቅ የኤሌክትሪክ መጋዝ ሆን ብዬ፣ አንዴም አይደል ሦስት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። ይኸው ተናገርኩ። ሊፈርድብኝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

ሌስተር እባላለሁ። አርባ ዓመት የበግ ፀጉር ስሸልት ኖሬ ወገቤ ሲያልቅ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሸላች የሚከፈለው በበጉ ቁጥር ስለሆነ ቀስ ማለት የሚባል ነገር አልተማርኩም። ቁጡ ነኝ ይሉኛል፤ አልክድም። ሼዳችን ከስንዴ ጎተራዎቹ ጀርባ ያለ፣ ድሮ የባቡር ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሃያ ያህል ሽማግሌዎች እንሰበሰብበታለን። የሰፈሩን የተሰበረ ወንበር እንጠግናለን፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ መጫወቻ እንሠራለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንሰዳደባለን። ሚስቶቻችን ከቤት ስላስወጣን ብቻ ሼዱን ይመርቁታል።

እዚያ ያስገባኝ አልዊን ነው። ባለቤቴ ጆይስ የሞተች ጊዜ ስድስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ሰው ሁሉ ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ዳቦ ይዞ እየመጣ «እንዴት ነህ?» ይለኛል፤ እንዴት እንደሆንኩ የማውቅ ይመስል። አልዊን ግን ምንም አልጠየቀኝም። በራፌ ላይ ቆመና፣ «አንድ ጣውላ አለኝ፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ና» አለኝ። ሄድኩ፣ ጫፉን ያዝኩለት፣ በሳምንቱም ተመለስኩ። ኋላ ሳስበው ጣውላው ለአንድ ሰው እንኳ የሚከብድ አልነበረም።

አልዊን ዕድሜውን ሙሉ የወደቡን ክሬኖች ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። የትልቁ መጋዝ ጠባቂ እሱ ነበር፤ ቁልፉ በቀይ ገመድ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ እሱ ፈትኖ ያላሳለፈው ሰው መጋዙን አይነካም። ከመጋዙ በላይ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ሕግ አለ፦ «ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ይህን መጋዝ አይነካም።» በሃያ ዓመት ውስጥ ሼዱ ውስጥ ጥፍሩ የተነካ ሰው የለም። እኔን አራት ጊዜ ፈትኖ አራት ጊዜ ጥሎኛል።

«አንተ የበግ ጠላት!» ይለኛል። «እጅህ ከጭንቅላትህ ይቀድማል። ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሂድና ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ።»

ደሜ ይፈላል፤ ግን ሄጄ ወንበር እፈገፍጋለሁ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አልዊን ጣውላ እየሰነጠቀ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። መግፊያውን እንጨት አልያዘም። በባዶ እጁ ነው የሚገፋው። ልነግረው አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ፤ መጋዙ እየዞረ፣ ጣቶቹ ከስለቱ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ እያሉ፣ ፈገግ ብሎ፦

«ሌስተር፣ ጆይስ ደኅና ናት?» አለኝ።

ማጥፊያውን በቡጢ መታሁት። መጋዙ ቆመ። እሱ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ «ምን ሆነሃል? ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ብሎ ተቆጣኝና ሻይ ሊቀዳ ሄደ። እኔ የሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ያየ ሌላ ሰው ራልፍ ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ውጭ መኪኖቹ ጋ ወጥተን ተነጋገርን።

«መነገር አለበት» አለ ራልፍ።

«ንገረዋ!»

«እኔ? ወዳጁ አንተ፣ ነጋሪው እኔ?»

«ኧረ ባክህ! አፍ ያለህ አይደለህም እንዴ?»

መጀመሪያ ሚስቱን ኢነድን ላናግራት ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ነገሬን ከፊቴ አነበበችው።

«አውቃለሁ ሌስተር» አለችኝ። «ባለፈው ወር ሐኪሙ ነግሮናል። እሱ ረስቶታል እንጂ።» ቆየችና ቀጠለች። «ሸሚዙን ራሱ የሚቆልፈው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፣ ታውቃለህ? በሌላው ቀን በሌሊት ልብሱ ይውላል። ያን ቁልፍ ከአንገቱ ብታወርዱበት ተመልሶ አይመጣላችሁም፤ እልኸኛነቱን ታውቀዋለህ። እቤት ከቀረ ደግሞ አለቀለት። ጣቱ ቢቆረጥም አለቀለት። እኔ ምን እንደምልህ አላውቅም።»

ከቤታቸው ወጥቼ በቀጥታ ራልፍ ዘንድ ሄድኩ።

እንግዲህ ያን የመሰለ ብልህ ሐሳብ የመጣልን ያኔ ነው። መጋዙን እናበላሸዋ! መጋዙ ከተበላሸ አልዊን አይቆርጥም፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ይቆያል። ራልፍ አሳየኝ፣ እኔ አንድ ሽቦ ነቀልኩ። ሐሙስ አልዊን መጣ፣ ቁልፉን አዞረ፣ መጋዙ ዝም አለ። እኛ በጎን እያየነው ነበር።

የሰውዬው ፊት በራ! ኮቱን አወለቀ፣ ካቻቪቴና ፒንሳውን ደረደረ፣ ከመጋዙ ሥር ገባ፤ በአርባ ደቂቃ ጠግኖት እያፏጨ ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ፊውዙን አቃጥለን መለስንበት። ያንን በአሥር ደቂቃ አገኘው፤ እግረ መንገዱንም ሞተሩን ፈትቶ አጸዳው። ሰዉ ሁሉ ሻዩን ይዞ ከበበው፤ እሱም እንደ ድሮው እያስተማረ፣ እየተሳደበ፣ አንዲት ብሎን ሳይረሳ መልሶ ገጠመው። የልጅ ልጁን ስም ያጣው ሰው የብሎኖቹን ቦታ አንድ በአንድ ያውቀው ነበር።

«እኛ ጅሎች!» አለኝ ራልፍ በሹክሹክታ። «ጠጋኝ በሞላበት ቤት ዕቃ መስበር እኮ ድግስ መጥራት ነው።»

በሦስተኛው ግን ጨከንኩ። የማብሪያውን ሆድ ከፍቼ ከውስጡ አንድ ዕቃ አወጣሁና ለራልፍ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተተው። ለሰዉ ሁሉ ማብሪያው ተቃጥሏል፣ አዲስ ታዟል አልን። አልዊን ያመነን መሰለ። ሁለት ሳምንት ተረፍን።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ከሼዱ ፊት ለፊት ስታማቲያ የምትባል ግሪካዊት አሮጊት ትኖራለች። ስለ ጩኸታችን ማዘጋጃ ቤት አሥራ አንድ ጊዜ ከስሳናለች። መስኮቷን ከፍታ «ያንን የተረገመ ነገር ዝጉ፣ እናንተ ሥራ ፈቶች!» ስትል ካልሰማን ቀኑ ማክሰኞ አይመስለንም። ይህች ሴትዮ ከቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ማክሰኞ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለልን፤ ዓርብ ትወጣለች፣ ግን ተሽከርካሪ ወንበሯ የሚወጣበት መወጣጫ ከሌለ ቤቷ መግባት አትችልም፣ ዋናው ከተማ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ትሄዳለች።

«ታዲያ ማን ይሰድበናል?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም ተነሣ።

አርባ ጣውላ መቆረጥ አለበት። በእጅ መጋዝ በእኛ ትከሻ በሳምንትም አያልቅም። እኔና ራልፍ ተያየን። አልዊን ያኔ ኮቱን አወለቀ።

«የታዘዘው ማብሪያ እስኪመጣ አንጠብቅም» አለ። «አሮጌውን እኔ አስነሣዋለሁ።»

«ተቃጥሏል ብለንሃል እኮ!» አልኩት።

«ተቃጥሎ ያየሁት እንደሆነ አምናለሁ።»

የማብሪያውን ክዳን ፈታ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሰባ ዓመት ሙሉ ዕቃ ስፈታ ኖሬአለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ዕቃ ያረጃል፣ ይቃጠላል፣ ይሰበራል። የራሱን ብሎን ፈትቶ ወጥቶ፣ ብሎኑን መልሶ አጥብቆ የሚሄድ ዕቃ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።»

ማንም ቀና ብሎ አላየም። ራልፍ የሻይ ኩባያው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። እኔ መቻል የሚባል ነገር የለኝም፤ ፈነዳሁ።

«እኔ ነኝ! ያወጣሁት እኔ ነኝ! ፊውዙም እኔ፣ ሽቦውም እኔ! እጅህን ልትቆርጠው ነበራ! ዓይኔ እያየ!»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ! መጋዙ እየዞረ ቀና ብለህ ስለ ጆይስ ጠየቅኸኝ!»

አልዊን ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ጆይስ ምን ሆነች?» አለ።

ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ከላዬ ወረደ። ያን ጥያቄ እንደገና ከምሰማ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጆይስ ሞታለች አልዊን» አልኩት። «ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አስከሬኗን በቀኝ በኩል የተሸከምከው አንተ ነህ።»

ወንበር ሳብኩለት፤ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ገልብጦ አያቸው። አሥሩም ጣቶቹ አሉ። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የገዛ እጁን ጽሑፍ አነበበ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ የኔም እንደዚያው።

«የወጣው ዕቃ የት አለ?» አለ በመጨረሻ።

ራልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። አልዊን ራሱ መልሶ ገጠመው፣ ክዳኑን አጠበቀው። ከዚያም ቀዩን ገመድ ከአንገቱ አውልቆ ወደኔ ዘረጋው።

«ና ወዲህ» አለኝ።

«አራት ጊዜ ጥለኸኛል እኮ!»

«እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋሁለት። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

«ዛሬ ፈርተሃል» አለኝ። «የፈራ ሰው አይቸኩልም። አልፈሃል።»

ክርኔ አጠገብ ቆሞ አርባውንም ጣውላ አስቆረጠኝ። «ቀስ! ቀስ በል አንተ! በግ አይደለም፣ አይሸሽህም!» እያለ። ሰዉ ጣውላውን ተሸክሞ መንገዱን ሲሻገር አልዊን ብቻውን ወደኋላ ቀረ። ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አውርዶ ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ላይ ሲጭር አየሁት። ልኬት የሚጽፍ መስሎኝ አልፌው ሄድኩ።

ዓርብ ስታማቲያ መጣች። መወጣጫው ላይ እየገፋናት ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ጮኻችሁ ጮኻችሁ፣ ዛሬ ገና አንድ ነገር ሠራችሁ» አለችንና በሩን ዘጋችብን። ደስ አለን።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልዊን ሸሚዙን በሥርዓት ቆልፎ መጣ። በቀጥታ ወደ መጋዙ ሄደ። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ ዳበሰ፣ ኪሱንም ዳበሰ። ከዚያ ቀዩን ገመድ እኔ አንገት ላይ አየው።

«አንተ!» አለኝ፤ ድምፁ ቆርቆሮውን አናጋው። «ቁልፌን ሰረቅኸኝ? ሌባ!»

ሌባ የሚለው ቃል አንጀቴ ድረስ ገባ። መልስ ልሰጠው ስነሣ ራልፍ ክንዴን ያዘና በአገጩ ግድግዳውን አመለከተኝ። ከሕጉ ሥር፣ በእርሳስ፣ ያን ቀን ሲጭረው የነበረው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«አልዊን፣ ቁልፉን ለሌስተር የሰጠኸው አንተው ነህ። ማንም አልወሰደብህም። አትቆጣው።»

ጣቴን ዘርግቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጽሑፉ የኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው» አልኩት።

«በል ምን ትጠብቃለህ? አስነሣው።»

ይኸው አምስተኛ ወራችን ነው። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ይመጣል፣ አንገቱን ይዳብሳል፣ ብዙ ጊዜ ሌባ ይለኛል። በአንድ ቃል ደሜ የሚፈላው እኔ ዛሬ «ሂድና አንብብ» ብቻ እለዋለሁ። ያነባል፤ ከዚያም ክርኔ አጠገብ ይቆምና ስህተቴን ይለቅማል። ኢነድ በር ድረስ ታመጣዋለች፤ ስትመለስ ትንሽ ትተኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ግን ሌባ አላለኝም። አንብቦ ሲጨርስ መጋዙን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ቆመ፤ ፊቴን ሲያይ ስሜን የፈለገው ይመስለኛል፣ አላገኘውም። ልሰነጥቃት ያቀረብኳትን ጣውላ ዝቅ ብሎ አያትና፦

«ጫፉን የሚይዝልህ ሰው አጥተሃል?» አለኝ።

በአንድ እጅ የምትነሣ ቀጭን ጣውላ ነበረች።

«አዎ» አልኩት። «ያዝልኝ።»