ለአብዱናሲር ጀልባ ሁለተኛ ሞተር

አብዱናሲር ቆቃ ሐይቅ ላይ ገበያተኛ የሚያሻግርባት የአሉሚኒየም ጀልባ አርጅታለች፤ ጎኗ እንደ ድግስ ድስት ተጨረማምቷል። አምና ታናሽ ወንድሙ ሙስዓብ ብቻውን ይዟት ወጥቶ ሞተሩ መሀል ውሃ ላይ ጠፋበት። ነፋስ ገለበጣት። ጀልባዋ ተረፈች፤ ሙስዓብ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የአብዱናሲር ሚስት ዙለይካ አንድ ቃል ብቻ አላት፤ «ሁለት ሞተር ካልሆነ ወላሂ ውሃ ላይ አትወጣም።» እሷ ራሷም ጀልባዋን ነክታት አታውቅም።

ሁለተኛ ሞተር ተገዛ። ጀልባዋን በአይሱዙዬ ጭኜ አዳማ፣ መርጋ ጋራዥ ያደረስኳት እኔ ነኝ። የአዳማን መካኒክ ታውቁታላችሁ፤ ምንም ይምጣለት ምን ባሌስትራ፣ ያን የመኪና ሸክም መደገፊያ ብረት፣ ካልጨመረበት እንቅልፍ አይወስደውም። መርጋም ሞተሮቹን የሚሸከመውን የኋላ ግድግዳ በወፍራም ላሜራ ደግፎ በቡሎን ጠፈረውና «አሁን ዝሆን ብታስርበት አይነቃነቅም» አለ። አልዋሸም። የሁለቱን ሞተሮች የነዳጅ ቱቦ ግን አንድ ጀሪካን ውስጥ ከተተው።

«ለየብቻ አይሻልም?» አለው አብዱናሲር።

«ተው እንጂ አቦ! ቤንዚኑ ራሱ በስንት መከራ የተገኘ ነው፤ አንተ ጀሪካን ታማርጣለህ?»

ሳቅን። ያቺኑም ቤንዚን ያገኘናት ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ነበር።

ጀልባዋን ወደ ሐይቁ መልሰን፣ አብዱናሲር፣ መርጋና እኔ ለሙከራ ወጣን። ዙለይካ ዳር ቆማ ታያለች። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስትከንፍ መርጋ አፏጨ። መሀል ስንደርስ የግራው ሞተር ሳል ጀመረውና ጠፋ።

«ለዚህ አይደል ሁለተኛው!» አለ መርጋ። አፉን ሳይዘጋ የቀኙም ጠፋ። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ነበረበት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የተከልናቸው።

ለራሴ አልፈራሁም። ነፋስ አልነበረም፣ መቅዘፊያም ይዘናል። ግን ወደ ዳር ዞር ስል ዙለይካ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ድምፁ ሲቋረጥ ሰምታለች። መርጋን አንስቼ ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ዳድቶኝ ነበር።

እየቀዘፍን ተመለስን። መርጋ በማግስቱ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱን ጀሪካንና የራሱን ማጣሪያ ገጠመ። ደጋግመን ሞከርን፤ አንዱን ብናጠፋ በሌላው እንመለሳለን።

የገበያ ቀን ጠዋት አብዱናሲር ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ዙለይካ መቅዘፊያ ታቅፋ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ዙሌ፣ አሁን እኮ ተስተካክሏል። ውረጂ።»

«አልወርድም።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዳር ቆሜ ሞተርህ ሲጠፋ ከምሰማ፣ አብሬህ ብሰምጥ ይሻለኛል» አለችው። «በል ግፋ፤ ሰዉ ገበያ ረፈደበት።»