አይተህ ደውል፣ ሰምተህ ክፈት

የቦርጫሙ እንግዳ የኋላ ጎማ የፈነዳው ታችኛው የውሃ በር ሊደርሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ነው። አስጎብኚዋ ፊሽካዋን ነፋች። ከፊት ያሉት ብስክሌቶች ተራ በተራ ቆሙ። ከሁሉም ኋላ የሚመጣው ሽማግሌ ማንም ሳይጠራው ወረደ፤ ብስክሌቱን ከዛፍ አስደግፎ፣ መፍቻውንና መንፊያውን ይዞ መጣ።

«ጭራ! ቶሎ በል እንጂ፤ እዚህ ልናድር ነው?» አለችው።

ስሙ ጭራ አይደለም። ከሰልፉ መጨረሻ ስለሚነዳ ያወጣችለት እሷ ናት። ቢቆጠር አባቷ የሚሆን ሰው ነው፤ እሷ ግን አንተ ነው የምትለው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቦርጫሙ፣ ግንባሩን እየጠረገ። «ሚስቴ ነግራኝ ነበር፤ ለብስክሌቱ እዘንለት ብላ።»

«ጎማው ነው እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ። አርጅቷል» አለ ጭራ ቀና ሳይል።

«እንዳንተው» አለች አስጎብኚዋ።

እንግዶቹ ሳቁ። ጭራ ተንበርክኮ ጎማውን መፍታት ጀመረ።

ቦታው ያምራል። በግራ ሰፊው ወንዝ፣ በቀኝ በጥርብ ድንጋይ የተገነባው ቦይ፣ በመካከላቸው ጀልባ ጎታች በቅሎዎች መቶ ዓመት የረገጡት ጠባብ መንገድ። በቦዩና በወንዙ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ጠርዝ የጀልባ ገመድ ሲፈትገው ኖሮ እንደ ጣት ጥልቀት ተቦርቡሯል። እንግዶች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጣታቸውን ከትተው ፎቶ ይነሳሉ። አስጎብኚዋ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነበራት። ጎማው እስኪጠገን ስምንቱንም እንግዶች ወደ በሩ ሰበሰበቻቸው።

«ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ እዚህ ቦይ ላይ የጭነት ጀልባ ገና ሳይቀር፣ የቦዩን ውሃ የሚያግደውን ይህን በር የሚጠብቅ አንድ ሰካራም ነበር» ብላ ጀመረች። «አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከላይኛው በር ደወል እንኳ ሳይደወልለት በሩን ከፈተው። ቦዩ ውስጥ አንድ ልጅ ይዋኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ።»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጣቷን ወደ ውሃው ትቀስራለች። ዛሬም ቀሰረች።

«ውሃው ጎተተው። ሬሳው የተገኘው በማግስቱ ነው።»

«ሰካራሙስ?» አለች አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት።

«አራት ዓመት ታሰረ። ከወጣ በኋላ መጠጡ ገደለው። እሱም ተገላገለ፣ እኛም ተገላገልን።»

አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጭራ የጎማውን የውስጥ ካላማዳሪያ ቦዩ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልግ ነበር። አረፋ ሲወጣ ጣቱን አኖረበት።

ሰካራሙ እሱ ነው። ከእስር ሲወጣ አገሩ ፊት ነሳው፤ እንጨት ፈለጠ፣ መሠረት ቆፈረ፣ ጉልበቱ ሲደክም ሥራ ፍለጋ እሷ ደጅ ቆመ። እሷም ቀጠረችው። ውሉ አጭር ነበር፤ ታሪኩ ሲነገር ዝም ይበል። ሦስት ዓመት ዝም አለ። አንድ ቀን ብቻ፣ «እኔ እኮ በሕይወቴ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም» ብሏት ነበር።

«እንግዶች ሰካራም ይወዳሉ» ብላ መለሰችለት።

ታሪኩን የሰማችው ከአባቷ ነው። አባቷ ያን ጊዜ የላይኛው በር ጠባቂ ነበሩ፤ ችሎት ቆመውም «እኔ አልደወልኩም» ብለው መስክረዋል። አባቷ የተናገሩትን ተጠራጥራ አታውቅም።

«ደወል ተደውሏል።»

ይህን ያለው ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልወጣው እንግዳ ነው። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ቢሆነው ነው። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሱ ውሃውን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ምን አሉ?»

«ደወል ተደውሏል አልኩ። የሞተው ወንድሜ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ልብሱን ታቅፌ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ደወሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለቤተሰቤም ለፖሊስም ተናገርኩ። ሕፃን ነህ፣ ምን ታውቃለህ አሉኝ።»

ቦርጫሙ አፉ ውስጥ የነበረውን ብስኩት ዋጠ። አስጎብኚዋ ግን የማትደነግጥ ሴት ናት። ፈገግ አለች።

«ነፍስ ይማር። የስድስት ዓመት ልጅ ሲደነግጥ ብዙ ነገር ይሰማዋል፤ አይፈረድበትም» አለች። ከዚያ ማድረግ ያልነበረባትን አደረገች። ሦስት ዓመት ያልተናገረ ሰው ዛሬም አይናገርም ብላ አመነች። «እስቲ የአገሩን ሰው እንጠይቅ። ጭራ! ያን ቀን ደወል ነበር?»

ጭራ ጎማውን ነፍቶ ጨርሷል። በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጠንክሯል።

«ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ ተደወለ። የመጀመሪያው ተዘጋጅ ነው፤ ሁለተኛው ክፈት።»

«እርስዎ እንዴት አወቁ፣ አባቴ?» አለው ዝምተኛው።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ባለ መነጽሯ ሴት ወደ አስጎብኚዋ ዞረች። «ሞቷል አላልሽም እንዴ?»

ጭራ ጉልበቱን ይዞ በዝግታ ተነሣ።

«ኑ፣ እዚህ ቁሙ» አለ። «ልጁ የዋኘበት ቦይ ይታያችኋል? አይታይም። ኩርባው ይጋርደዋል። እኔ ጠላቂ ይኑር፣ ልብስ አጣቢ ይኑር አላይም። የሚያየው የላይኛው በር ጠባቂ ነው። ሕጋችን አጭር ነበር፤ አይተህ ደውል፣ ሰምተህ ክፈት። እኔ ሰማሁ፤ ከፈትኩ።»

ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። አስጎብኚዋ ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ግን ገመዱ ትዝ አላት። በላይኛው በር ቤታቸው የደወሉ ገመድ በመስኮት ገብቶ እስከ ምግብ ጠረጴዛቸው ድረስ ይደርስ ነበር። አባቷ ምሳ እየበሉ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ በግራ እጃቸው ይስቡታል። «ብልሃት ማለት ይህ ነው፤ ምን ያስነሳኛል» ይሉ ነበር። እሷም ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ስባለች። እሳቸው ሲስቡም ሆነ እሷ ስትስብ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ዞረው ወደ ቦዩ ያዩበትን ቀን ብታስታውስ፣ ብታስታውስ አጣችው።

«የላይኛው ጠባቂ ማን ነበር?» አለ ዝምተኛው። «በሕይወት አለ?»

ጭራ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣም ልመናም አላየችም። የሆነ ዕቃ አንስቶ ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው ይመስል ነበር።

«እሷ ታውቃለች» አለ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ሞቷል» አለች። ሞተዋል እንኳ አላለችም።

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

ዝምተኛው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ጭራ ጠጋ አለ፤ እጁን ሊዘረጋለት መስሎ ነበር፣ ግን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ስትረግምዎት ነው የኖረችው» አለው።

«ደርሶኛል» አለ ጭራ።

አስጎብኚዋ ፊሽካዋን ነፋች። «በሉ እንውጣ! ፀሐዩ ሳይበረታ!»

ከዚያ እስከ ላይኛው በር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ አባቷ በዚህ ሰዓት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሰማያዊውን የሥራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ይጠብቃሉ። የጉብኝቱ ማብቂያ እሳቸው ናቸው። እንግዶች ይጨብጧቸዋል፣ አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ፣ ያጨበጭቡላቸዋል። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ሌላ የሚጠብቁት ነገር የላቸውም።

የድንጋዩ ድልድይ ጋ ስትደርስ እጇን አንስታ ሰልፉን አቆመች።

«ወደፊት ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ወንዙን ተሻግረን በወዲያኛው ዳር እንሄዳለን» አለች።

«ዝናብ መች ዘነበ?» አለ ቦርጫሙ።

«ከላይ በኩል ዘንቧል።»

እንግዶቹን አንድ በአንድ በድልድዩ አሳለፈች። ጭራ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የብስክሌቱን መሪ ያዘችበት።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።»

«እሺ።»

«ጠየቅኩህ እንጂ ተናገር መች አልኩህ!»

«ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነው» አለ። እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ፣ «የዛሬውን ልጨርስ?»

«ጨርስ። ከኋላ ሁን፤ አፍህንም ያዝ።»

መሪውን ለቀቀችለት። ሮጣ ወደ ፊት ሄዳ ኮርቻዋ ላይ ወጣች፤ እግሯ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ሳተ።

በወዲያኛው ዳር መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ነፋስ የለም፤ ወንዙ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። የላይኛው በር ትይዩ ሲደርሱ፣ ማዶ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ብድግ አሉ። ብስክሌቶቹ በተሳሳተው ዳር ሲያልፉ ግራ ገብቷቸው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውሃው ቀረቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ማወዛወዝ ያዙ።

«ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ልጄ! ልጄ!»

«ማንን ነው የሚጠሩት?» አለ ቦርጫሙ።

«ያረጀ ሰው ሁሉንም ልጄ ነው የሚለው» አለች፣ ሳትዞር።

«ሰላም የሚል ሰው ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ? ነውር ነው» አለ ዝምተኛው። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ፣ ከፍ አድርጎ አውለበለበላቸው። ማዶ ያሉት ሽማግሌ መልስ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው እጅ ነሡ።

ከሷም የአንድ እጅ ሰላምታ ይበቃ ነበር። እሷ ሁለቱንም መሪዋ ላይ አጥብቃ ማርሽ ቀየረች።