ሰማያዊ በግማሽ ዋጋ

ሸክላ ሠሪዋ ሳህኑን ገልብጣ ከሥሩ ስታየው እህቷ ጠረጴዛውን በቁጣ መታች።

"አየሽ አይደል? ቁርጥ ያንቺን! የቀረው ማኅተምሽ ብቻ ነው። ሆቴሉ ትዕዛዙን የሰረዘብን ለምን መሰለሽ? አንድ ሰውዬ በግማሽ ዋጋ እየቸበቸበው ነው።"

ሸክላ ሠሪዋ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃን ላይ አዟዟረችው። ሰማያዊው የእሷው ሰማያዊ ነበር፤ ሲያዩት ወደ ውስጥ የሚስብ፣ ጠርዙ ላይ ወደ ማር የሚያደላ። እሱን ለማግኘት ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ለቅቃ ጭቃ ውስጥ ስትገባ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አብዳለች ብሎ ነበር። አባቷማ እስኪሞቱ ድረስ ለሰው "ልጄ ፋርማሲስት ናት" ከማለት አልተመለሱም። እሷ ግን የቀለም ዱቄት እየመዘነች፣ እየበጠበጠች፣ እየተኮሰች፣ የከሸፈውን እየሰበረች ቆየች። አንድ ጊዜ ኃይለኛ ጉንፋን ጥሏት እቶኑን ሳትከፍት ሁለት ቀን ተኝታ ስትነሣ፣ ያ ሰማያዊ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ለካ ምሥጢሩ ከዱቄቱ ይልቅ ቀስ ብሎ መቀዝቀዙ ላይ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሥራዎቿ ሙዚየም ገብተዋል፣ ባሕር ተሻግረው ታይተዋል፤ ሰውም ስሟን ትቶ "ሰማያዊዋ" ይላት ጀመር። ከባንክ ጡረታ የወጣችው ታላቅ እህቷ ደግሞ ሱቁን ይዛ ትሸጥላታለች።

"ይሄ ስንጥቅ ይታይሻል?" አለች በመጨረሻ። የሳህኑን ሆድ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ወረውታል።

"እሰይ! ድብን ብሎ ይሰንጠቅበት!"

"እትዬ፣ ሰው ይበላበታል እኮ፤ ስንጥቁ ቆሻሻ ይይዛል።"

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ሄዱ። እህቷ በጠበቃ ያጻፈችውን ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መንገዱን ሙሉ "አንቺ ዝም በይ፣ የምናገረው እኔ ነኝ" ስትል መጣች።

የሰውዬው መሥሪያ ቦታ ከጎማ ጠጋኝ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንደኛው ግድግዳ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ የጫማ ቅርጾች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ባለቤቱ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ጫማ ሰፊ ነበር። ሸክላ ሠሪዋን ሲያይ ጭቃውን እንደያዘ ብድግ አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እርስዎን በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ" አለ። "ሊያሳስሩኝ ነው የመጡት?"

"እንደ አመላለስህ ነው!" አለች እህቷ ቦርሳዋን እየከፈተች።

"አንዴ ቆዪ፣ እትዬ።" ሸክላ ሠሪዋ ሳህኑን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። "እሳቱን ካጠፉ በኋላ እቶኑን መቼ ነው የሚከፍቱት?"

ጫማ ሰፊው ግራ ተጋብቶ ሁለቱን አፈራርቆ አየ። "በማግስቱ ጠዋት። ገበያው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ርካሽ ጫማ እንደ ጉድ መግባት ከጀመረ ወዲህ የሚያሰፋኝ ሰው ጠፋ። ሸክላውን ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ። ቀለሙን ግን… የእርስዎን ሳህን ገዝቼ፣ ሰብሬ፣ እያስተያየሁ ሞከርኩ።"

"ስንት ጊዜ ሞከሩ?"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ።"

ሳቋ አመለጣት። "እኔማ ከአራት መቶ በላይ ፈጅቶብኛል! በሉ ስሙኝ፤ ሁለት ሙሉ ቀን በሩን ንክች አያድርጉት። ሲቀቡትም ሳሳ ያድርጉት፤ የወፈረ ቀለም ይሰነጠቃል። ከሥሩ ደግሞ የራስዎን ማኅተም ይምቱበት። የእኔ ነው ተብሎ እንዳይሸጥ።"

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ "እሺ" አለ።

"አንቺ ሴትዮ!" እህቷ አፏን ይዛ ቀረች። "የሰባት ዓመት ምሥጢርሽን በሁለት ደቂቃ?"

"ቀለሙን እኮ ራሱ ደርሶበታል። እኔ የነገርኩት መተኛትን ብቻ ነው።"

ለመሄድ ዘወር ስትል መደርደሪያው ላይ ገና ያልተቀቡ ኩባያዎች አየች። አንዱን አነሣች። ሁለት ጣቶቿ በኩባያው ጆሮ ሰተት ብለው ገቡ፤ አውራ ጣቷም ቦታው ተዘጋጅቶ የጠበቀው ይመስል ከላይ አረፈ። መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና አነሣችው። እሷ ጆሮ መቀጠል ሆኖላት አያውቅም። ወይ ይጣመማል፣ ወይ ጣት አያስገባም። ስለዚህ ጆሮ የሌለው ዕቃ ብቻ መሥራት ጀመረች፤ ጋዜጦችም "ደፋር አሠራር" ብለው አወደሱላት። እውነቱን የሚያውቁት እሷና እህቷ ብቻ ነበሩ።

"ይሄን እንዴት አድርገው ሠሩት?"

"እሱማ ቀላል ነው" አለ ጫማ ሰፊው አፈር እያለ። "ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ስለካ ኖርኩ። ጣትም ያው እንደ እግር ነው፤ ጠባብ አይወድም።"

እህቷ ክንዷን ሳብ አደረገቻት። "ነይ እንሂድ፣ ታክሲው ቆሞ እየጠበቀን ነው።"

ሸክላ ሠሪዋ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠቻት። ከጫማ ሰፊው ጎን ያለችውን ዱካ ስባ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"አሰናብቺው፣ እትዬ" አለች፤ እጇንም የውኃው ባልዲ ውስጥ ነከረች። "በሉ፣ ከመጀመሪያው ያሳዩኝ።"